ጣና ዳር ለእረፍት ስትመጡ ወፍና ጉማሬ እንዴት ታያላችሁ

ባህር ዳር ለእረፍት የሚመጣ ሰው ፕሮግራሙ አብዛኛው አንድ ነው፣ እስከ 3 ሰዓት እንቅልፍ፣ ከዛ ጀልባ ኮንትራት ይዞ ገዳም፣ ከሰዓት ጢስ አባይ፣ ማታ አሳ። ክፋት የለውም። ግን በዚህ አካሄድ ወፍ አታዩም፣ ማለቴ ታያላችሁ ግን "አንድ ነጭ ነገር በረረ" ብላችሁ ነው ምትመለሱት። እዚህ ወፍ ማየት የብር ጉዳይ አይደለም፣ የካሜራም አይደለም፣ የሰዓትና የመቀመጥ ጉዳይ ነው። አንድ ቦታ አንድ ሰዓት ዝም ብሎ ቁጭ ያለ ሰው ቀኑን ሙሉ በሞተር ጀልባ ከደሴት ደሴት ከሚሮጠው በላይ ያያል፣ አትመኑኝ ሞክሩት።

መጀመሪያ ሰዓቱ። ወፍ በደንብ ሚንቀሳቀሰው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው፣ ከዛ ፀሐዩ ሲከር ጥላ ውስጥ ይገባና ዝም ይላል፣ ከ10 ሰዓት በኋላ ደሞ እንደገና መውጣት ይጀምራል። ሀይቁም ቢሆን ጠዋት ነው ሚመቸው፣ ከሰዓት ነፋስ ይነሳና ውሃው መናወጥ ይጀምራል፣ በሚናወጥ ጀልባ ላይ ባይኖኩላር ይዞ ማየት ራስ ምታት በገንዘብ እንደመግዛት ነው። ጠዋት ውሃ ላይ ብርድ አለ፣ ባህር ዳር ቆላ ነው ብላችሁ በካናቴራ እንዳትመጡ፣ ጣና እኮ ከባህር ጠለል በላይ ወደ 1800 ሜትር ገደማ ነው። ጋቢ ወይ ሹራብ ያዙ። ነጭ ጋቢ ወፍ ያስደነግጣል ሚሉ አሉ፣ ደብዘዝ ያለ ቀለም ቢሆን ይመረጣል፣ ግን ከቀለሙ ይልቅ እጅ ማወናጨፍና ጩኸት ነው ሚያባርራቸው።

ወቅቱስ ካላችሁኝ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ መጋቢት ምርጡ ጊዜ ነው፣ ምክንያቱም ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡት ከኛዎቹ ጋር ይደባለቃሉ። ገናን ወይ ጥምቀትን አስታካችሁ ከመጣችሁ ተሳክቶላችኋል። ክረምት ላይ የመጣ ሰውም ባዶ እጁን አይመለስም፣ ቢጫዎቹ ጎጆ ሰሪ ወፎች ያኔ ነው ስራ ሚበዛባቸው፣ ወንዱ ሳር እየሰነጠቀ ውሃ ላይ ባዘነበለ ቅርንጫፍ ጫፍ ጎጆውን ይጠልፋል፣ ሴቷ መጥታ ገብታ ታያለች፣ ካልወደደችው ትታው ትሄዳለች፣ እሱም ጎጆውን አፍርሶ ሌላ ይጀምራል። ሚገርም ትዕግስት።

ባይኖኩላር መግዛት ካሰባችሁ 8 በ 42 የተፃፈበትን ምረጡ። 8ቱ ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ ነው፣ 42 ደሞ የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊሜትር፣ ሲሰፋ ብዙ ብርሃን ያስገባል። ሻጮች "10 ይሻላል 12 ይሻላል" ይሏችኋል፣ ግን ባቀረበ ቁጥር የእጅ መንቀጥቀጥም አብሮ ይጎላል፣ ጀልባ ላይ ደሞ ባሰ። በጣም ትንሽ ሆኖ "50 እጥፍ" ምናምን የተፃፈበት ካያችሁ እለፉት። መነፅር ምታደርጉ ሰዎች የአይን ማስደገፊያውን ላስቲክ ወደ ውስጥ አጥፉት፣ አለዚያ በጠባብ ቀዳዳ እንደማየት ነው ሚሆንባችሁ። ከዛ ቀኝ አይናችሁን ጨፍናችሁ በመሃለኛው ጎማ ለግራው አጥሩት፣ ቀጥሎ ግራውን ጨፍናችሁ ቀኝ አይን ጋ ባለችው ቀለበት ቀኙን አጥሩት፣ ይቺን አንዴ ካስተካከላችሁ በኋላ መሃለኛውን ብቻ ነው ምታዞሩት። ብዙ ሰው ይሄን ሳያደርግ ባይኖኩላሩን "የማይረባ ነው" ብሎ ቁምሳጥን ውስጥ ይጥለዋል።

ሌላ ደሞ አንድ ነገር፣ ወፏን ካያችሁ አይናችሁን ከሷ ላይ አትንቀሉ፣ ጎንበስ ብላችሁ ባይኖኩላር ፍለጋ ከገባችሁ ስትነሱ የለችም። አይናችሁ እዛው እንዳለ ባይኖኩላሩን ወደ አይናችሁ አምጡት፣ በቃ ቀጥታ እሷ ላይ ነው ሚያርፈው። ለልጆች መጀመሪያ በቆመ ነገር አለማምዱ፣ የጀልባ ስም አንብቡልኝ በሏቸው።

ባይኖኩላር ከሌላችሁ አትጨነቁ፣ ባህር ዳር ላይ ብዙው ወፍ ሰው ለምዷል። ከተማው ውስጥ ሀይቁ ዳር ካሉት ካፌዎችና ሆቴሎች ግቢ ትልልቅ ዋርካና ሾላ ያለበትን ፈልጉና አንድ ማኪያቶ አዝዛችሁ ተቀመጡ፣ ከዛፉ ስር ሳይሆን ትንሽ ራቅ ብላችሁ ወደ ላይ ሚታይበት ቦታ (ከስር መቀመጥ ሌላም አደጋ አለው፣ ማኪያቶውን ክዳን አድርጉለት)። የሾላ ፍሬ የበሰለ ሰሞን ዛፉ ገበያ ነው። ሆርንቢል የሚሉትን እዛ ታዩታላችሁ፣ ጥቁርና ነጭ ሆኖ መንቁሩ ላይ ሌላ ትልቅ መንቁር የተደረበበት የሚመስለውን፣ ሲበር ክንፉ ሹ ሹ እያለ ከሩቅ ይሰማል። እንቁላል ሚጥሉበት ጊዜ ሴቷ ግንድ ውስጥ ያለ ሽንቁር ትገባና በሩ በጭቃ ይደፈናል፣ ጠባብ ስንጥቅ ብቻ ይቀራል፣ ወንዱ በዛች ስንጥቅ ሾላ እያቀበለ ነው ሚያኖራት። አንድ ወንድ ሆርንቢል ደጋግሞ አንድ ግንድ ላይ ሲመላለስ ካያችሁ ቤት አለው ማለት ነው፣ ራቅ ብላችሁ ጠብቁ።

እዛው ዛፍ ላይ አረንጓዴ ሆኖ ጅራቱ ረዘም ያለ፣ ቅርንጫፍ ላይ እንደ ሽኮኮ ሚሯሯጥ ወፍ ካያችሁ ቱራኮ ነው። ተቀምጦ ሳለ ክንፉ ቀይ አይመስልም፣ ሲበር ነው ደም ሚመስለው ቀይ ሚገለጠው። ቀለሙ ውስጥ መዳብ አለ፣ የእውነት መዳብ። ትንንሾቹ አረንጓዴ በቀቀኖች ደሞ እየተንጫጩ በቡድን ያልፋሉ፣ ክንፋቸው ስር ጥቁር ነው፣ ወንዱ ግንባሩ ቀይ፣ እነዚህ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጪ የሉም። ፈረንጅ ለነሱ ብሎ ስንት ሺ ኪሎሜትር ይመጣል፣ እኛ ስር ቁጭ ብለን ስልክ እናያለን።

ወደ ውሃው ስትጠጉ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር የሆነ አሳ አጥማጅ ወፍ አለ፣ ለጀማሪ ከሱ የተሻለ ወፍ የለም፣ ምክንያቱም ሁሌም አለ፣ አይፈራም፣ ስራውንም በአደባባይ ነው ሚሰራው። ውሃው ላይ ከፍ ብሎ አንድ ቦታ ክንፉን እያርገበገበ ይቆማል፣ አንገቱን ቁልቁል ደፍቶ፣ ሰውነቱ እየተናጠ ጭንቅላቱ ግን ንቅንቅ አይልም። ከዛ ጥርቅም አድርጎ ክንፉን አጥፎ ይወድቃል። አሳ ካገኘ ቅርንጫፍ ላይ ይወስደውና በግራ በቀኝ ጠደፍ ጠደፍ አድርጎ ይደበድበዋል፣ እስኪሞት፣ ከዛ በጭንቅላቱ በኩል ነው ሚውጠው፣ በጅራት ከዋጠው ክንፉና ቅርፊቱ ጉሮሮ ላይ ይሰካል። ደረቱን እዩት፣ ሁለት ጥቁር መቀነት ካለው ወንድ፣ አንድ ብቻ ከሆነና መሃሉ ላይ የተቆረጠ ከመሰለ ሴት። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ይቺን ነግራችኋቸው ወንድና ሴት ይቁጠሩ፣ እስከ ቁርስ ድረስ ስልክ አይጠይቋችሁም። ሌላም ትንሽዬ ሰማያዊና ብርቱካናማ አለች፣ ደንገል ላይ ዝቅ ብላ ምትቀመጥ፣ እሷን ለማየት ግን ፀጥታ ይፈልጋል።

እምቦጩና የውሃ ቅጠሉ ላይ ሚራመድ ቡናማ ወፍ ታያላችሁ፣ ግንባሩ ሰማያዊ፣ ጣቶቹ ከእግሩ ጋር ማይመጣጠኑ ረጃጅም። ጃካና ይባላል። ጣቱ ክብደቱን ስለሚበትንለት ነው ቅጠሉ ማይሰምጠው። እዚህ ቤት አባት ነው እናት፣ ሴቷ ከአንዱ ወንድ ወደ ሌላው እየሄደች እንቁላል ትጥላለች፣ መታቀፉም ማሳደጉም የወንዱ ነው፣ አደጋ ሲመጣ ጫጩቶቹን ክንፉ ስር ሸጉጦ ይሮጣል፣ እግራቸው ከስሩ ተንጠልጥሎ ይታያል። እምቦጩ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ጣና ላይ ያደረሰውን ጉዳት ሁላችንም እናውቃለን፣ ለአሳ አጥማጁም ለሀይቁም መርዶ ነው፣ ጃካናው ላዩ ላይ ሲንሸራሸር አይታችሁ "ይጠቅማል እንዴ" እንዳትሉ፣ እሱ መቆሚያ ካገኘ ሌላው አይመለከተውም።

አሳ አጥማጆች ጠዋት አሳ ሚያወጡበት ዳርቻ ሄዳችሁ ቁሙ። ቆሮሶና አምባዛ ሲበለት የሆድ እቃው ሲጣል ፔሊካኖቹ ወረፋ ይይዛሉ፣ አጠገባቸው ደሞ ራሰ በራው አንገቱ ላይ ከረጢት ያንጠለጠለው ቆሞ ታገኙታላችሁ፣ ሀዋሳዎች አባ ኮዳ ሚሉት። ፎቶ ለማንሳት ከዚህ ሚቀል ቦታ የለም። ሰዎቹን ግን አስፈቅዱ፣ ስራ ላይ ናቸው፣ "ጋሼ እንደምን አደሩ፣ ወፎቹን ፎቶ ባነሳ ይፈቅዱልኛል?" ብትሉ ማን ይከለክላችኋል። እንደውም ጥሩ ጥሩ ቦታ ይነግሯችኋል። ፔሊካኖቹ መሃል ሀይቅ ላይ ሲያድኑ ካጋጠማችሁ ደሞ ሌላ ነው፣ በግማሽ ክብ ተሰልፈው አሳውን ወደ ጥልቀት የሌለው ቦታ እየነዱ ሁሉም ባንዴ መንቁራቸውን ይነክራሉ።

አሁን ጀልባ። ኮንትራት ስትዋዋሉ ዋጋውን ብቻ አትነጋገሩ፣ ከመነሳታችሁ በፊት "እኛ ወፍ ለማየት ነው፣ ቀስ ብለህ ዳር ዳሩን ውሰደን፣ ስንልህ ሞተር ታጠፋልናለህ" ብላችሁ ቁርጡን ተነጋገሩ። ባለጀልባዎቹ ቶሎ አድርሰው ቶሎ መመለስ ለምደዋል፣ አይፈረድባቸውም፣ ቱሪስት ሁሉ ገዳም ነው ሚጠይቃቸው። ዋጋውን በደሴት ሳይሆን በሰዓት ተዋዋሉ። የህይወት ጃኬት ጠይቁ፣ ዋና ብትችሉም። ሞተሩን ከወፎቹ መቶ ሜትር አካባቢ ሲቀረው ያጥፋውና በመቅዘፊያ ወይ በራሱ ግፊት ይጠጋ። ወፍ ሰብስቦ ተቀምጦ ሳለ ጀልባውን መሃል ከቶ ማስበረርን እንደ ትርኢት ሚያሳዩ አሉ፣ ለቪዲዮ ያምራል ግን ጠዋት ሙሉ የበላውን አሳ ጉልበት በናንተ ምክንያት ያባክናል፣ እምቢ በሉ።

ከከተማው በጣም ቅርብ ሆኖ ብዙ ሚታይበት አባይ ከጣና ሚወጣበት አፍ ነው፣ ደብረ ማርያም ደሴት ያለችበት አካባቢ። ደንገሉ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ የደንገል ታንኳ ሚቀዝፉ ሰዎች በአጠገባችሁ ድምፅ ሳያሰሙ ያልፋሉ፣ ከጀልባ ይልቅ ወፉ እነሱን ነው ማይፈራቸው። አሳ በሉን ንስር እዛ ፈልጉት፣ ጭንቅላቱና ደረቱ ነጭ፣ ሆዱ ቡናማ፣ የደረቀ ዛፍ ጫፍ ይወዳል፣ ሲጮህ አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ ነው። አንዳንድ ባለጀልባዎች አሳ ወርውረው ያወርዱላችኋል፣ ፎቶው ያምራል፣ እኔ ግን ሳይጠራ ራሱ ሲወርድ ማየት እመርጣለሁ። እንደ ልብስ ክንፉን ዘርግቶ ፀሐይ ሚያሰጣው ጥቁር ወፍ ኮርሞራንት ነው፣ ላባው ውሃ ስለሚያስገባ ነው፣ ለመጥለቅ ይጠቅመዋል፣ ከወጣ በኋላ ግን መድረቅ አለበት። አንገቱ ቀጭን ሆኖ ውሃ ላይ እባብ ሚመስለው የሱ ዘመድ ነው። ድንጋይ ላይ ሚሞቅ ትልቅ እንሽላሊት ካያችሁ አርጃኖ ነው፣ አትደንግጡ፣ እሱ ይቀድማችኋል።

ጉማሬም ያለው እዚህ ነው፣ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ቀን ቀን ውሃ ውስጥ ነው፣ አይኑ ጆሮውና አፍንጫው ብቻ ነው ሚታየው፣ 5 ደቂቃ አካባቢ ጠልቆ ሊቆይ ይችላል፣ ስለዚህ "ሄደ" ስትሉ ከስራችሁ ሊወጣ ይችላል። ማታ ሳር ሊግጥ ይወጣል፣ ጎህ ሳይቀድ ይመለሳል፣ በእግራችሁ ዳር ዳሩን ምትሄዱ ከሆነ ከመሸ በኋላና ሳይነጋ ደንገል ጥግ አትሂዱ፣ በተለይ በሱና በውሃው መሃል አትግቡ፣ ሲደነግጥ መሸሻው ውሃው ነው፣ እናንተ መንገዱ ላይ ናችሁ፣ በሰዓት እስከ 30 ኪሎሜትር ይሮጣል። አፉን ሲከፍት እያዛጋ አይደለም፣ ራቁ እያላችሁ ነው። ልጅ ያላት ካለች ጭራሽ ጀልባው አይጠጋ፣ "ትንሽ ጠጋ በልልን" ብላችሁ ባለጀልባውን አትገፋፉት፣ እምቢ ካለ ሚያውቀው ነገር አለ። ከጀልባ ይልቅ ደህንነቱ ሚበልጠው ቤዛዊት ኮረብታ ነው፣ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግስት ያለበት፣ በባጃጅ ትደርሳላችሁ፣ ከላይ ሆናችሁ አባይን ቁልቁል በባይኖኩላር ስታዩት አንዳንዴ ጉማሬ ይታያል፣ ባይታይም ጥንብ አንሳና ጭልፊት በአይናችሁ ትክክል ሲያልፉ ታያላችሁ።

ዘጌ በጀልባ አንድ ሰዓት አካባቢ ነው። ኡራ ኪዳነ ምህረት ሚሄደው ሰው ሁሉ ከወደቡ እስከ ቤተክርስቲያኑ ያለውን መንገድ በሩጫ ነው ሚጨርሰው፣ ወፉ ያለው እኮ መንገዱ ላይ ነው። ዘጌ ጫካው የተረፈው በአቡነ በትረ ማርያም ስርዓት ነው ይላሉ፣ በሬ ጠምዶ ማረስ ስለተከለከለ ህዝቡ በቡናና በጌሾ ነው ሚኖረው፣ ቡና ደሞ ጥላ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ትልልቁ ዛፍ አልተቆረጠም። ቀስ ብላችሁ ሂዱ፣ ሃያ እርምጃ ሄዳችሁ ቁሙ፣ መጀመሪያ በጆሮ ነው ምታገኙት። ዝንጀሮ አይደለም እዛ ሚያስቸግረው ጦጣው ነው፣ ቦርሳችሁን ዝጉ፣ ዳቦ አትስጡት፣ አንዴ ከለመደ ከሚቀጥለው ሰው ልጅ እጅ ይነጥቃል። ገዳም ግቢ ስትገቡ ጫማና ልብሱን ታውቁታላችሁ፣ በጭራሽ የወፍ ድምፅ በስልክ እየከፈታችሁ ወፍ አትጥሩ፣ አባቶች ፀሎት ላይ ናቸው፣ ወፉንም ያሳስተዋል። ድሮን ያለ ፈቃድ አታስነሱ። ሴቶች አብረዋችሁ ካሉ ደሞ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ለወንድ ብቻ ናቸው፣ ኡራ ኪዳነ ምህረትና እንጦስ ኢየሱስ ግን ሁሉም ይገባል፣ ሳታውቁ ሄዳችሁ ግማሹ ሰው ጀልባ ላይ እንዳይቀር።

ስም ለማወቅ ሜርሊን ሚባል ነፃ አፕ አለ፣ መጠኑን ቀለሙንና ምን ሲያደርግ እንደነበር ትነግሩታላችሁ ወይ ፎቶ ትሰጡታላችሁ፣ እሱ ይገምትላችኋል። ኢትዮጵያን የሚያካትተውን ፓኬጅ ሆቴል ዋይፋይ ላይ አውርዱት፣ ሀይቅ ላይ ኔትወርክ አትመኑ። ማስታወሻ ደብተርም አይጎዳም፣ "ከርግብ ይበልጣል፣ እግሩ ቢጫ፣ ጭቃ ይቆፍራል" ብላችሁ ከፃፋችሁ ማታ ፈልጋችሁ ታገኙታላችሁ። ፍላሚንጎ ፈልጋችሁ ከሆነ የመጣችሁት ግን ያ የስምጥ ሸለቆው የአቢጃታ ሀይቅ ወፍ ነው፣ እዚህ አትልፉ።

ውሃው ውስጥ በባዶ እግር አትግቡ፣ ጣና ዳር ቢልሀርዚያ አለ፣ ተሸካሚዋ ቀንድ አውጣ ዳር ዳሩን ሳር ውስጥ ነው ምትኖረው፣ በተለይ ልጆች "ትንሽ እግሬን ብቻ" ሲሉ እሺ አትበሉ። ማታ ደሞ ትንኝ አለ፣ ወባ ያለበት አገር ነው፣ 12 ሰዓት ሲሆን ረጅም እጅጌ ልበሱ ቅባቱንም ተቀቡ።

ጊዜ ካላችሁና ከህዳር እስከ የካቲት ከሆነ አንድ ጠዋት ለፎገራ መድቡ፣ በጎንደር መንገድ ወረታ አካባቢ። ርብና ጉማራ ክረምት ላይ ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል፣ ሸሸርና ወለላ ሚባሉት ረግረጎች ቀስ እያሉ ሲደርቁ ክሬኖች ይሰበሰባሉ፣ ግራጫዎቹ ከሩሲያና ከምስራቅ አውሮፓ ድረስ ነው ሚመጡት፣ ጭንቅላቱ ላይ ወርቃማ ዘውድ ያለው ጥቁሩ ግን የኛው ነው። ሌሊቱን ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ነው ሚያድሩት አውሬ እንዳይደርስባቸው፣ ጎህ ሲቀድ በቡድን በቡድን ተነስተው ወደ ማሳ ይሄዳሉ፣ የተረፈ ሽንብራና ሩዝ ሊለቅሙ። ስለዚህ ፀሐይ ሳትወጣ እዛ መገኘት አለባችሁ፣ 3 ሰዓት ደርሳችሁ ከሆነ ሳቢሳና ከብት ነው ምታዩት። ማሳው የሰው ነው፣ በድንበሩ ሂዱ፣ እረኞቹን ጠይቁ፣ ትናንት የት እንዳደሩ ከማንም በላይ እነሱ ናቸው ሚያውቁት፣ ለመራችሁ ልጅ ደሞ የሻይ ብር ስጡ። ከመነሳታችሁ በፊት ማታውኑ የመንገዱን ሁኔታ ሆቴሉን ወይ ሹፌሩን ጠይቃችሁ አረጋግጡ፣ መኪናውንም ለ10 ሰዓት ተኩል ሌሊት ቅጠሩት።